13.8 የሚል ወረቀት ይዤ ከአዲስ አበባ ስመለስ

ታላቅ ወንድሜ ያረፈው በ2008 ዓ.ም. ክረምት ነው። ሆዱ ውሃ ቋጥሮ፣ እግሮቹ አብጠው፣ ዓይኖቹ ቢጫ ሆነው ነበር። ዕድሜው 44 ነበር። «የወፍ በሽታ ነው» እያልን ከአንዱ መድኃኒት አዋቂ ወደ ሌላው ስናመላልሰው ከርመን ሆስፒታል ስንደርስ፣ ጉበቱ በጠባሳ ተወርሶ ሥራውን እንዳቆመ ሐኪሙ ነገረን። ሲሮሲስ የሚለውን ቃል የሰማሁት ያን ቀን ነው። ጠባሳው ስንት ዓመት ሲጠራቀም እንደኖረ፣ ቀደም ብሎም መለካት ይቻል እንደነበረ ግን አላወቅንም፤ አልጠየቅንምም።

ወንድሜን ለዚህ ያበቃው፣ ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ በእኔም ደም ውስጥ አለ። የጉበቴን ጠባሳ ለማወቅ በሄድኩበት መንገድ ሁለት ጊዜ ተሳስቻለሁ። አንድ ጊዜ ደህና ሳልሆን ደህና ነኝ ብዬ ዓመታት አሳለፍሁ፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ያልደረስሁበት ደረጃ ላይ የደረስሁ መስሎኝ ለልጆቼ ኑዛዜ እስከማሰብ ደረስሁ። ሄፓታይተስ ቢ ወይም ሲ አለባችሁ የተባላችሁ ሰዎች ሁለቱንም ስህተት እንዳትደግሙ ብዬ ነው የምጽፈው።

በጅማ ሂርማታ አካባቢ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። አልጋና ቁም ሣጥን እንሠራለን፤ ከአንድ ወጥ ግንድ የሚጠረበውን የጅማ በርጩማም እንሠራለን። ወንድሜ ካረፈ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2010 ዓ.ም.፣ ደም ለገስሁ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተጠርቼ ሄፓታይተስ ቢ በደሜ ውስጥ እንደተገኘና ሐኪም ማየት እንዳለብኝ በእርጋታ ተነገረኝ። መንገዱን እንዴት እንዳለፍሁት ሳላውቅ ቤቴ ደረስሁ።

በማግስቱ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድሁ። አልትራሳውንድ ተነሣሁ። ያየኝ ባለሙያ «ጉበትህ ንጹህ ነው፤ ምንም የለብህም፤ ሥራህን ሥራ» አለኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ እዚያው ተመልሼ ያንኑ ምርመራ አደረግሁ፤ ያንኑ መልስ አገኘሁ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ከመጀመሪያው አልትራሳውንድ ጀምሮ ስድስት ዓመት ያህል የደም ምርመራ የሚባል አላደረግሁም። ጫት መቃሜንም አልተውኩም፤ በገበያ ቀን ከደንበኞች ጋር ጠጅ መጠጣቱንም ቀጠልሁ።

አልትራሳውንድ የሚያሳየው የጉበትን መልክና መጠን ነው። ጠባሳው በርትቶ የጉበቱ ገጽ ሲጎረብጥ፣ ጣፊያ ሲያብጥ፣ ሆድ ውሃ ሲቋጥር ያን ጊዜ ያያል። ከዚያ በፊት ያለውን፣ በጉበት ሥጋ ውስጥ እንደ ክር ቀስ እያለ የሚዘረጋውን ጠባሳ አብዛኛውን ጊዜ አያየውም። ሐኪሞች ጠባሳውን ከዜሮ እስከ አራት በደረጃ ይከፍሉታል፤ አራተኛው ሲሮሲስ ነው። አልትራሳውንድ «ንጹህ» ያለው ጉበት ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ደረጃ ላይ ሊሆን ይችላል። ምርመራው ጉበት ላይ ዕጢ መኖር አለመኖሩን ለመከታተል በጣም ይጠቅማል፤ እኔም አሁን በየስድስት ወሩ አደርገዋለሁ። ጠባሳን በሚመለከት ግን «ንጹህ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን አያስተኛችሁ። እኔን ስድስት ዓመት አስተኝቶኛል።

በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ድካም ያዘኝ። መጋዝ አንሥቼ ግማሽ ሳንቃ ሳልቆርጥ እቀመጥ ነበር። የወንድሜ ሚስት፣ እትዬ፣ ሁኔታዬን አይታ ደነገጠችና ከገጠር የተላከ ቅጠል ቀቅላ ሦስት ሳምንት አጠጣችኝ። በፍቅር ነው ያደረገችው። ሽንቴ እንደ ሻይ ሲጠቁር ግን ሠራተኛዬ «ጋሼ፣ ዛሬ ሥራው ይቅር፤ ሆስፒታል እንሂድ» ብሎ እጄን ይዞ ወሰደኝ።

የተቀበለችኝ ወጣት ሐኪም ናት። የደም ውጤቴ ሲመጣ ባዶ ወረቀት ሳበችና «እስቲ አብረን እናስላ» አለችኝ። የምትሠራውን በደንብ አየሁ፤ ማንኛውም አራቱን የሒሳብ መደቦች የሚያውቅ ሰው ሊሠራው ይችላል። የጉበት ኢንዛይም ከሆኑት አንዱ፣ ኤኤስቲ የሚባለው፣ 96 ነበር። የላቦራቶሪው የመጨረሻ ጤናማ ልክ 40 ነው። 96ን ለ40 አካፈለች፤ 2.4። በ100 አባዛችው፤ 240። ያንን ለፕላትሌቴ (ደም እንዲረጋ ለሚረዱት ጥቃቅን የደም ክፍሎች) ቁጥር፣ ለ168 ሺህ፣ ሺውን ትታ አካፈለችው፤ 1.43። «ይህ ኤፕሪ ይባላል፤ የጉበትን ጠባሳ ከደም ውጤት መገመቻ ነው» አለችኝ። ሁለተኛውን ስሌት ፊብ-4 ይሉታል፤ እሱ ዕድሜንም ይጨምራል። 41 ዓመቴን በ96 አባዛች። ሌላው ኢንዛይም፣ ኤኤልቲ፣ 196 ስለነበረ በራሱ ሲባዛ 196 የሚሰጠውን 14ን ወስዳ ከ168 ጋር አባዛችው። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ስታካፍለው 1.67 መጣ።

ፕላትሌት ከጉበት ጋር ምን አገናኘው ብዬ ጠየቅሁ። ጠባሳ የሞላው ጉበት ደም በቀላሉ አያሳልፍም፤ ደሙ ወደ ኋላ ተመልሶ ጣፊያን ያሳብጣል፤ ያበጠ ጣፊያ ደግሞ ፕላትሌቶችን ይይዛል። ስለዚህ ጠባሳው ሲበረታ በደም ውስጥ የሚዞሩት ፕላትሌቶች ይቀንሳሉ። ይህን ስትነግረኝ ወንድሜ በመጨረሻ ወራቱ ድዱ ያለ ምክንያት ሲደማ የነበረው ትዝ አለኝ።

ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ዓይነት ነገር አልነገሩንም። በፊብ-4 ከ1.45 በታች ከባድ ጠባሳ የለም ለማለት ይረዳል፤ ከ3.25 በላይ ደግሞ አለ ያሰኛል፤ የእኔ በመካከል ወደቀ። ኤፕሪ ደግሞ ከፍ ያለ ነው። «ጉበትዎ አሁን ተቆጥቷል፤ ኢንዛይሙ ሲጨምር ስሌቱም አብሮ ይጨምራል» አለችኝ። «በዚህ ብቻ ሲሮሲስ ነው አልልዎትም። አይደለም ብዬም አልሸኝዎትም።» የቫይረሱ መጠን እንዲለካ ናሙና ተላከ። ቅጠሉንም ጫቱንም ጠጁንም በዚያው ቀን እንዳቆም ነገረችኝ። ጉበቴ የተቆጣው በቫይረሱ ይሁን በቅጠሉ ለመለየት እንደማይቻል፣ ጉበት የታመመ ሰው ግን መጠኑ ያልታወቀ ነገር መጠጣት እንደሌለበት አስረዳችኝ። ስለ ጫት በሐረር ሆስፒታሎች ተደርጎ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ፤ በሚቅሙ ሰዎች ላይ ሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ይበልጥ እንደሚታይ አሳይቷል። በእኛ ከተማ ጫት የማይቀርብበት ስብሰባ ጥቂት ስለሆነ ነው ይህን የማነሣው።

እኔ ግን መታገሥ አቃተኝ። አዲስ አበባ ጉበትን ሳይወጉ የሚለካ ፋይብሮስካን የሚባል መሣሪያ እንዳለ ሰማሁና ሐኪሟን ሳላማክር በራሴ ጊዜ ተነሣሁ። ስህተቴ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከጅማ በአውቶቡስ ተነሣን። ሰኮሩን፣ የግቤን በረሃ፣ ወልቂጤን አልፈን ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ አዲስ አበባ ገባን። መንገድ ላይ ምንም አልቀመስሁም ነበርና እንደወረድሁ ጥብስ በእንጀራ በደንብ በላሁ። ስምንት ሰዓት ላይ የተመዘገብሁበት የግል ማዕከል ገባሁ። በልተህ ነው ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም።

ምርመራው አያምም፤ የሚፈራው ካለ አይፍራ። በጀርባዬ ተኛሁ፤ ቀኝ እጄን ከራሴ ሥር አደረግሁ። የጎን አጥንቶቼ መካከል ቀዝቃዛ ቅባት ተቀባሁ፤ ዘንግ የመሰለ መሣሪያ እዚያ ላይ ተደገነ። ከዚያ ጠቅ አለ፤ ሰው በጣቱ ጫፍ ጎኔን የነካኝ ያህል ነው። ይህ አሥር ጊዜ ተደጋገመ፤ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ፈጀ። የምትለካው ቁራጭ አንድ ሴንቲ ሜትር ስፋትና አራት ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላት ናት።

ሥራውን ለመረዳት ሙያዬ ረድቶኛል። የዋንዛ ሳንቃ ስንገዛ በጣታችን መገጣጠሚያ እናንኳኳዋለን። እርጥብ ከሆነ ድምፁ ውስጡ ይቀራል፤ ደርቆ ከጠነከረ ጥርት ብሎ ይመለሳል። መሣሪያውም ጉበትን ያንኳኳል፤ ከዚያም ንዝረቱ በውስጡ በምን ፍጥነት እንደሚጓዝ በድምፅ ሞገድ ይከታተላል። ጉበቱ በጠነከረ ቁጥር ንዝረቱ ይፈጥናል። ፍጥነቱ ተሰልቶ ኪሎፓስካል በሚባል መለኪያ ይጻፋል። ነገር ግን ዋንዛን የሚያንኳኳ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ ሳንቃው የጮኸው ስለደረቀ ነው ወይስ ከሥሩ ያለው ጠረጴዛ ስለጮኸ? መሣሪያው የሚለካው ጥንካሬን እንጂ ጠባሳን አይደለም። ጉበትን የሚያጠነክረው ደግሞ ጠባሳ ብቻ አይደለም። መቆጣት ያጠነክረዋል። የሐሞት መውረጃ መዘጋት ያጠነክረዋል። ልብ ሲደክም የሚጠራቀም ደም ያጠነክረዋል። ከምግብ በኋላ ወደ ጉበት የሚጎርፈው ደም እንኳ ያጠነክረዋል።

የተሰጠኝ ወረቀት ላይ 13.8 የሚል ቁጥር በትልቁ ተጽፏል። ከጎኑ «ሲሮሲስ»። ወረቀቱን የሰጠኝ ሰው ሌላ ሰው ጠራ፤ እኔም ወጣሁ።

በማግስቱ ወደ ጅማ ስመለስ ሰባት ሰዓት ሙሉ መስኮት ላይ ተደግፌ ወንድሜን አስብ ነበር። ለባለቤቴ ሦስት ቀን አልነገርኋትም። የትኛው ልጄ ሥራ ቤቱን ሊይዝ እንደሚችል፣ የትኛው ዕቃ ቢሸጥ የስንት ወር አስቤዛ እንደሚሆን በሐሳቤ ደረደርሁ። በአራተኛው ቀን ሌሊት ባለቤቴ ከኪሴ ወረቀቱን አግኝታ «ይህን ብቻህን ትሸከማለህ?» ብላ አለቀሰች። ጧት አብረን ሐኪሟ ዘንድ ሄድን።

ሐኪሟ ወረቀቱን አየችና ሦስት ጥያቄ ጠየቀችኝ። ከምርመራው በፊት ስንት ሰዓት ጾሙ? ምሳ በልቼ ወዲያው ገባሁ አልኋት። ኢንዛይምዎ በዚያ ሳምንት ተለክቷል? አልተለካም፤ እሷ ያየችው 196 ግን ገና አሥር ቀኑ ነበር። ከዚያ ከ13.8 በታች በትንንሹ የተጻፈውን ቁጥር በብዕሯ ከበበችው። 34 በመቶ ይላል። አሥሩ ልኬቶች እርስ በርስ ምን ያህል እንደተራራቁ የሚያሳይ ቁጥር ነው፤ ከ30 በመቶ መብለጥ የለበትም። «ይህን ወረቀት ለጊዜው አናምነውም» አለች። ባለቤቴ እጄን ጨበጠችኝ። ሐኪሟ ቀጠለች። «ተሽሎዎታል ማለቴ ግን አይደለም፤ መታከም አለብዎት።»

የቫይረሱ መጠን ውጤት ሲመጣ 48,000 ሆነ። ከ2,000 በላይ ሆኖ ኢንዛይምም ከፍ ካለ ሕክምና ይጀመራል፤ ጠባሳው ስንተኛ ደረጃ ላይ እንደሆነ እስኪረጋገጥ አይጠበቅም። የኩላሊት ምርመራ ተደርጎልኝ ቴኖፎቪር የሚባለውን ቫይረሱን የሚገታ መድኃኒት ጀመርሁ፤ በቀን አንድ ፍሬ ነው። ሐኪም ሳያዝ ማቋረጥ እንደማይቻል በጥብቅ ተነገረኝ፤ በድንገት ሲቆም ቫይረሱ ተነሥቶ ጉበትን ክፉኛ ሊያስቆጣ ይችላልና። ስለ ባዮፕሲም ጠይቄ ነበር፤ ጉበትን በመርፌ ወግቶ ናሙና መውሰድ ማለት ነው። ለረጅም ዘመን ዋናው መለኪያ እሱ ነበር፤ የሚወሰደው ቁራጭ ግን ከጠቅላላው ጉበት ሃምሳ ሺህ እጅ አንዱን ያህል ነው፤ የመድማት አደጋም አለው። ለእኔ አላስፈለገም።

ስድስት ወር ጠበቅን። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ደሜ እንደገና ታየ። ኤኤስቲ 38፣ ኤኤልቲ 36፣ ፕላትሌት 171 ሺህ። ስሌቱን በዚህ ጊዜ እኔ ራሴ ሠራሁት፤ ኤፕሪ 0.56፣ ፊብ-4 1.52። ያው ጉበት፣ ያው ሰው ነው፤ መቆጣቱ ሲበርድ ኤፕሪ ከ1.43 ወደ 0.56 ወረደ። ከዚያ በሐኪሟ ወረቀት ወደ አዲስ አበባ ሄድሁ፤ አድሬ ጧት ባዶ ሆዴን ገባሁ። ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት መጾም ይበቃል፤ እኔ ግን ውሃ ብቻ ነበር የቀመስሁት። ውጤቱ 8.6 ሆነ፤ የልኬቶቹ መራራቅ 14 በመቶ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. ያወጣው የሄፓታይተስ ቢ መመሪያ ለአዋቂዎች እንዲህ ይላል፤ ኤፕሪ ከ0.5 ወይም የፋይብሮስካን ልክ ከ7 ከበለጠ ጉልህ ጠባሳ እንዳለ ይቆጠራል፤ ኤፕሪ ከ1 ወይም ልኩ ከ12.5 ከበለጠ ሲሮሲስ። በ2015ቱ መመሪያ ለሲሮሲስ የተቀመጠው የኤፕሪ ወሰን 2 ነበር፤ አሁን ዝቅ ብሏል። ይህን ለውጥ እወደዋለሁ፤ መሣሪያው 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ለሚገኝበት ሰው ሁለት ተራ የደም ምርመራ ሕክምና ለመጀመር ይበቃል ማለት ነውና። እንግዲህ እኔ ጉልህ ጠባሳ ነበረብኝ፤ ሲሮሲስ ግን አልነበረም። ስድስት ዓመት «ንጹህ» የተባለው ጉበት ማለት ይህ ነው።

ጠባሳ እንደማይለቅ ነበር የማምነው። በቴኖፎቪር አምስት ዓመት የታከሙና በፊትና በኋላ የጉበት ናሙና የተወሰደላቸውን 348 ሕሙማን የተከታተለ፣ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ከመካከላቸው ሲጀምሩ ሲሮሲስ የነበረባቸው 96ቱ ነበሩ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ከእነዚህ 74 በመቶዎቹ ሲሮሲስ አልተገኘባቸውም። ይህን ሐኪሟ ስትነግረኝ ወንድሜን አስቤ ከፊቷ እንባዬ መጣ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. የእኔ ልክ 6.4 ሆኗል። ከቅነሳው የተወሰነው የመቆጣቱ መብረድ እንጂ የጠባሳ መጥፋት ላይሆን ስለሚችል ክትትሉ አይቋረጥም፤ እኔም አላቋርጥም።

ሄፓታይተስ ሲ ያለባቸውም ይለኩ። የሱ መድኃኒት ቫይረሱን ብዙውን ጊዜ በሦስት ወር ፈጽሞ ያጠፋዋል። ይሁንና ከመዳኑ በፊት ሲሮሲስ የደረሰበት ሰው ቫይረሱ ከጠፋም በኋላ በየስድስት ወሩ ለጉበት ካንሰር መታየት አለበት። መጀመሪያ ያልተለካ ሰው ይህ እንደሚያስፈልገው በምን ያውቃል?

ለመለካት የምትሄዱ ሰዎች፣ እባካችሁ የሰሞኑን የኢንዛይም ውጤት ይዛችሁ ሂዱ። ሆዳችሁ ውሃ ከቋጠረ ተራው ፋይብሮስካን በትክክል ሊለካችሁ አይችልም፤ ገንዘባችሁን አታውጡ። ትልቁን ቁጥር ብቻ ሳይሆን በመቶኛ የተጻፈውንም ጠይቁ። የሚቀጥለው ልኬት ከበፊቱ ጋር የሚነጻጸረው ሁኔታው ሲመሳሰል ነውና ወረቀቶቹን ሁሉ በአንድ ማኅደር አስቀምጡ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቁጥሩን ብቻችሁን ይዛችሁ ቤት አትግቡ፤ እንደ እኔ ሦስት ቀን አትክረሙ።

ባለቤቴና ልጆቼ ተመርምረው ነጻ ሆኑ፤ ክትባትም ወሰዱ። በአንድ ማዕድ እንበላለን፤ ቫይረሱ በዚያ አይተላለፍም። ምላጬና የጥርስ ብሩሼ ግን የብቻዬ ናቸው። አንድ እናት የወለደችን ሁለት ወንድማማቾች ቫይረሱ ከተገኘብን ሌሎቹስ ብለን እህትና ወንድሞቼን ሁሉ አስመረመርን። አጋሮ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ላይ ተገኘ። ዕድሜዋ 36 ነው። ኢንዛይሟ ጤናማ ስለሆነ «ምንም አያስፈልግሽም» ያላት ሰው ነበር። ሐኪሟ ግን ቫይረሱ በደም ያለበት ሰው በቤተሰቡ በሲሮሲስ ወይም በጉበት ካንሰር የሞተ ካለ ይህ ብቻውን ለሕክምና እንደሚያበቃው ነገረቻት። ኤፕሪዋ 0.32 ነው። ጠባሳውንም ቀድመን እንወቀው ብለን ባለፈው ወር አብረን አዲስ አበባ ሄድን።

ከቤት የተሰነቀልንን ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ሳንፈታ ነው የሄድነው። ወልቂጤ ላይ አውቶቡሱ ለቁርስ ሲቆም ሰው ሁሉ ወረደ፤ እኛ ተቀመጥን። «አንተ እንኳ ብላ እንጂ» አለችኝ። አልበላሁም። ከምርመራው ስትወጣ ወረቀቱን ሰጠችኝ፤ መጀመሪያ ያየሁት ትልቁን ቁጥር ሳይሆን ከሥሩ ያለውን ነው። 11 በመቶ። ከዚያ ቀና ብዬ 5.2 የሚለውን አነበብሁላት። በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ስንቃችንን ፈታን።